ከጀሪካንና ከጥቅል ጎመን የተሠራች ሕፃን

እኛ ቤት እቃ ሲጠፋ የሚጠረጠረው ሌባ አይደለም፤ እኔ ነኝ። አባቴ የመላጫ ብሩሹን ሲያጣ "የት አለ?" ብሎ አይጠይቅም፤ "ደግሞ ዛሬ ምን አደረግሽው?" ነው የሚለኝ። አልፈርድበትም። ብሩሹ ባለፈው ክረምት ጢሙን ያንዠረገገ አዛውንት ሆኖ፣ የሻይ ማጥለያ ከተከናነበች ሚስቱ ጎን መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ከርሟል። የጫማ ብሩሹ ጃርት ነበር። የአሮጌው ጃንጥላ ጨርቅ ደግሞ የሌሊት ወፍ ሆኖ ከኮርኒሱ ላይ ሲንጠለጠል፣ አባቴ ከመኝታ ቤት ብቅ ብሎ አየውና በባዶ እግሩ እስከ ግቢው በር ድረስ ሮጠ። ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ቀናት ከሰላምታ ሌላ ቃል አልተነፈሰልኝም።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። የምንኖረው ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ነው፤ ማሽኔን ሳሎን መስኮት ሥር አቁሜ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል። የወንድሜ ልጅ የምትጎረጉረው ስልክም ቻርጁ ያልቃል። ወንድሜና ሚስቱ ሁለቱም ሆቴል ስለሚሠሩ ቅዳሜና እሁድ ፋታ የላቸውም፤ የስድስት ዓመት ልጃቸውን አርብ አርብ እኛ ጋ ያመጧታል። እንግዲህ ሥራ የፈታች ልብስ ሰፊና ስልክ የሞተባት ልጅ አንድ ቤት ውስጥ ሲገናኙ፣ ለወጥ ቤት እቃ ክፉ ቀን ነው።

እኔ በሰርዲን ቆርቆሮ መኪና እየሠራሁ፣ ቆርኪ ጎማ እየገጠምኩ ያደግሁ ነኝ። ያኔ መኪናው ባይሄድም እየገፋን "ቡርርር" እንል ነበር እንጂ ማንም ጥራት አይቆጣጠርም። ይቺ ግን ጨቅጫቃ ደንበኛ ናት። ማማሰያውን ቀሚስ አልብሼ ስሰጣት ታገላብጠውና "ጉልበት የላትም፤ እንዴት ብላ ነው የምትቀመጠው?" ትለኛለች። ሙሽሮች እንኳ ስለ ቀሚሳቸው እንዲህ አያስጨንቁኝም። አንድ ሕግ ብቻ ተስማምተናል፦ ለአሻንጉሊቶቻችን ስም አናወጣም። ከሰዓት ወጥ ለማማሰል ለሚፈለግ ፍጡር ስም ማውጣት ትርፉ ለቅሶ ነው።

አባቴ ከዚህ ሁሉ የለበትም። ዕድሜውን ሙሉ መሥሪያ ቤት ውስጥ ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ነው፤ እሱ ጡረታ ቢወጣም ንብረት ክፍሉ ከእሱ አልወጣም። ለእሱ ማማሰያ ማማሰያ ነው፣ ማጥለያም ማጥለያ። ልጅቷ "አባባ፣ እቃቃ እየተጫወትን ነው፣ አንተ እንግዳ ሁንና ና" ስትለው፣ "እኔ ከማማሰያ ጋር ዝምድና የለኝም" ይልና ፊቱን ወደ ሬዲዮኑ ያዞራል። አንድ ቀን እንኳ ተጫውቶላት አያውቅም። እሷም መጥራቷን አልተወችም።

ጉድ የፈላው ሽማግሌዎች ለሦስተኛ ጊዜ በመጡበት እሁድ ነው።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት እኔን ለሽሮ ሜዳ ሰው ለመጠየቅ ነበር። ሰውየው እዚያ የጥበብ ልብስ ሱቅ አለው፤ የሱቁን ቀሚስ የምሰፋለት እኔ ነኝ። በአንገት ልክና በእጅጌ ስፋት ስንጨቃጨቅ ቆይተን ሳናውቀው ተዋደድን። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞልቶኛል፤ እሱም ልጅ አይደለም፤ እኛ ከጨረስን ቆይተናል። የቀረው የአባቴ እሺታ ነው። ያለ እሱ ፈቃድ ደግሞ አላገባም። የሚከለክለኝ ሕግ ኖሮ አይደለም፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት እኔና እሱ ብቻ ነን፣ ሳይመርቀኝ ከበሩ መውጣት አልፈልግም። በዚህ ጉዳይ ግትር ነኝ፤ ግትርነቴም ከእሱ የወረስኩት ነው።

መጀመሪያ ሲመጡ "ጾም ነው፤ በጾም እንዲህ ያለ ነገር አይነሣም" ብሎ መለሳቸው። ጾሙ ሊገባ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር። ሁለተኛ ሲመጡ "ክፍለ ሀገር ያለውን ወንድሜን ሳላማክር" አለ። ከዚያ ወንድሙ ጋር በአንዲት በግ ተጣልተው መነጋገር ካቆሙ ዘመን አልፏል። የሽማግሌ ትዕግሥት ደግሞ እስከ ሦስት ነው። ሦስተኛ የተመለሰ ሽማግሌ አራተኛ አይመጣም፤ ክብር አለው። ሰውዬው አርብ ዕለት ደውሎ፣ "አጎቴ 'የእሁዱ የመጨረሻችን ነው' ብለዋል" አለኝ። ድምፁ እንደወትሮው አልነበረም። እኔም ፈራሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ልጅቷ ከጎረቤት ስትመለስ ፊቷን አኮሳትራለች። ጎረቤቶቻችን ከስልጤ የመጡ ባለሱቆች ናቸው፤ ሚስትየው በቅርቡ ስለተገላገለች ሕፃኗን አስታቅፈዋት ኖሯል።

"ያቺኛዋ ትከብዳለች" አለችኝ። "ደግሞ ትሞቃለች። አንገቷንም ካልያዙላት ወደ ኋላ ይወድቃል። የእኛዎቹ ቀላል ናቸው፤ ቀዝቃዛም ናቸው። ውሸት ናቸው።"

ይኼማ ሙያዬን መድፈር ነው። የነገው ጭንቀት እጄን ሥራ እያስፈታው ስለነበር ተነሣሁ። ለሰውነቷ የዘይት ጀሪካን አመጣሁና እንድትሞቅ ለብ ያለ ውሃ ሞላሁባት። ጫፉ የተሰበረ ማማሰያ በጀሪካኑ አፍ አስገባሁና ዙሪያውን በጨርቅ ወተፍኩት፤ አንገቷ እሱ ሆነ። ጭንቅላት ሲጠፋ ዓይኔ ዘንቢሉ ላይ አረፈ። ለእሁድ ምሳ የገዛሁት ጥቅል ጎመን ነበር። የሚያክለውም፣ የሚከብደውም ልክ የሕፃን ራስ። ማማሰያው ላይ ሰካሁት። ልጅቷ ሮጣ ሄዳ ከጎረቤት የሕፃን የሹራብ ኮፍያ ተውሳ መጣች፤ እናትየው ለማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ሰጠቻት። ከዚያ እስከ አገጯ በጋቢ ጠቀለልናት። አነሣኋት። እውነቴን ነው፣ እኔ ራሴ የሠራኋት ሴት፣ ሳላስበው ወገቤን ማወዛወዝ ጀመርኩ።

ልጅቷ ግን አልጨረሰችም። ነጠላዬን አምጥታ ፊቷን ሸፈነችላት። "የሰው ዓይን እንዳይበላት" አለች።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በእኛ ዘንድ የሕፃን ፊት ለመጣ ለሄደው አይገለጥም። እንግዳም ቢሆን ጨዋ ከሆነ "እስቲ ልያት" ብሎ ነጠላ አያነሣም፤ ከሩቅ ይመርቃል፣ ዞር ይላል። ያቺ ነጠላ ባትኖር ኖሮ ይኼ ሁሉ ባልተከተለ ነበር።

እሁድ ጠዋት ጎመኑን ስጠይቅ ጦርነት ተነሣ።

"ጭንቅላቷን ቆርጠሽ ልትቀቅዪው ነው?"

"ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ አልጫ ልሥራበት።"

"ሕፃን የሚበሉ ሽማግሌዎች ናቸው?"

ምን ይባላል? አልጫው በድንችና በካሮት ብቻ ተሠራ። ሽማግሌ ከተሳካለት ቁጭ ብሎ ይበላል፤ ካልተሳካለት ውሃም ሳይቀምስ ይወጣል። እኔ በተስፋ ሁለት ድስት ጥጃለሁ። አባቴ ደግሞ ከቅዳሴ ተመልሶ ኮቱን እንደለበሰ ሳሎኑን ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መስሏችሁ እንዳትሞኙ። ምክንያት እየፈለገ ነበር። አውቀዋለሁ፤ ጾሙም ወንድሙም አልቀዋል።

የግቢው በር ሲንኳኳ ጓዳ ገባሁ። እየተጠየቀች ያለች ልጅ ሽማግሌ ፊት አትታይም፤ መጋረጃ ጀርባ ቆማ ዕጣዋን ትሰማለች። መጋረጃው ላይ በራሴ መቀስ ያበጀኋት ቀዳዳ አለች። አባቴ እንደ ደነገጠ ኮቱን ሊያስተካክል መኝታ ቤት ገባ፤ በር የከፈተችላቸው ልጅቷ ናት።

ሦስት ናቸው። ዋናው ባለ ከዘራ ረጅም ሰው የልጁ አጎት ናቸው። ሁለተኛው የቤተሰቡ ንስሐ አባት፣ ቄስ ናቸው። ሦስተኛው ሽሮ ሜዳ ከልጁ ሱቅ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ ናቸው፤ እዚያ አካባቢ እሳቸው ያልገቡበት ሽምግልና የለም ይባላል። እንደ ልማዱ ምላሽ እስኪያገኙ አይቀመጡም፤ ሳሎኑ መሀል ቆሙ። ሶፋው ላይ ያቺ በጋቢ የተጠቀለለች፣ በነጠላ የተሸፈነች ጉድ ተኝታለች። ልጅቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"እሽሽ! አሁን ገና ነው የተኛችው።"

ሦስቱም ሽማግሌዎች በአንድ ጊዜ አንገታቸውን አቀረቀሩ።

"ማሻአላህ" አሉ ሐጂው በሹክሹክታ።

"ያሳድጋት" አሉ ቄሱ፣ ከዚያም ባሰ ሹክሹክታ።

ባለ ከዘራው ከዘራቸውን ወለሉን እንዳይመታ ብብታቸው ውስጥ አስገቡት። አባቴ ከመኝታ ቤት ሲወጣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች እንደ ሌባ ተንሾካሹከው "እንደምን አረፈዱ" አሉት። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ እሱም ተንሾካሾከ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። የእኔ የሕይወት ጉዳይ እንዲህ በሹክሹክታ ተጀመረ። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ጆሮዬን ለመቅሰር ትንፋሼን ያዝኩ።

"ልጅዎን ለልጃችን ብለን ስንለምን ይኸው ሦስተኛችን ነው" አሉ ባለ ከዘራው። "መጀመሪያ ጾም አሉን፤ ታገስን። ቀጥሎ ወንድሜን ላማክር አሉን፤ ታገስን። ዛሬ ግን ወይ ተቀመጡ ይበሉን፣ ወይ በሰላም ሂዱ ይበሉን።"

የአባቴን ዓይን በቀዳዳው አየዋለሁ። ጣሪያውን አየ፤ ጣሪያው ደኅና ነው፣ አያፈስም። ማሽኔን አየ። ግድግዳውን አየ። በመጨረሻ ዓይኑ ሶፋው ላይ አረፈና እዚያው ቀረ።

"ሕፃኗን ጥላ የት ትሄዳለች?" አለ።

ክው አልኩ። ማማሰያ አልነካም የሚለው አባቴ!

"የማን ልጅ ናት?" አሉ ቄሱ።

"የወንድ ልጄ ናት፤ የዚች ታናሽ" አለ ወደ ልጅቷ እየጠቆመ። "እናትና አባቷ ሥራ ይውላሉ። ማን ያሳድጋት? አክስቷ ናት እንጂ። የምታጥባት እሷ፣ የምታባብላት እሷ።"

ልጅቷ አፏን ከፍታ አያቷን አየችው። ከዚያ ፊቷ ሁሉ በራ። ይኸው! አባባ በመጨረሻ እቃቃ ሊጫወት መጣ። እንዲህ ያለ ዕድል ሲገኝ ደግሞ ብቻውን አይተዉትም።

"ሌሊት ሌሊት ታለቅሳለች!" አለች። "አባባ ነው አዝሎ እሹሩሩ የሚላት!"

"ጎሽ" አሉ ሐጂው፣ አባቴን በአዲስ ዓይን እያዩት። አባቴ ሳለ።

"ክርስትና ተነሣች?" አሉ ቄሱ።

"ገና ናት አባ፤ ሰማንያዋ አልደረሰም።"

"መቼ ተወለደች?"

"ሁለት ወር ሊሆናት..." ሲል፣

"ትናንት ነው!" አለች ልጅቷ። "እኔ እያየሁ! ጭንቅላቷን የሰካችላት አክስቴ ናት!"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባቴ ላብ በላብ ሆኗል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። "አክስቷ ናት ያዋለደቻት ማለቷ ነው" አለ። "ልጅ ስለሆነች አነጋገሩን አታውቅበትም።"

"እኔኮ ሙያዋ ስፌት ብቻ መስሎኝ!" አሉ ቄሱ።

"ታድሏል ልጃችን" አሉ ባለ ከዘራው። "ሰፊ ናት፣ አሳዳጊ ናት፣ ጭራሽ አዋላጅም ናት!"

እዚህ ላይ አባቴ የገባበት ገደል ታየኝ። እኔን ለማስቀረት በዋሸ ቁጥር የእኔ ዋጋ እየጨመረ ሄደ። ፎጣ አፌ ውስጥ ወትፌ ሳቄን ዋጥኩ፤ ዕንባዬ ግን በጉንጬ ወረደ። ነገሩ ቢያስቅም የሚቀለድበት የእኔ ትዳር ነው።

ባለ ከዘራው ትንሽ አሰቡና "ይኼ ታዲያ ምን ይከብዳል?" አሉ። "ሕፃኗንም ይዛት ትምጣ። ልጃችን ሕፃን ይወዳል። ወላጆቿ ሲፈልጉ ሽሮ ሜዳ መጥተው ያዩዋታል።"

አባቴ በኮቱ እጅጌ ግንባሩን ጠረገ።

"እስቲ ልመርቃት" አሉና ባለ ከዘራው ጎንበስ ብለው፣ ማንም ሳይቀድማቸው፣ ብድግ አደረጓት። "ኧረ ትከብዳለች! ምን ብታበሏት ነው? ደግሞ ሙቀቷ!" (ልጅቷ ለካ እንግዳ ይመጣል ብላ ጠዋት ውሃዋን ቀይራላታለች።) ደረታቸው ላይ ዘንበል አድርገው ጀርባዋን መታ መታ አደረጉላት። "እደጊ፣ ተመንደጊ፣ እንትፍ እንትፍ" ሲሉ የጀሪካኑ ውታፍ ሾለከ።

"ሸናችብኝ!" አሉ፣ ሹክሹክታውን ረስተው።

"ገድ ነው!" አሉ ሐጂው በደስታ። "ሕፃን የሸናበት ሰው ሲሳዩ አይነጥፍም።"

"ኧረ ይኼ ሲሳይስ በዛ" አሉ ባለ ከዘራው። ውሃው በኮታቸው አልፎ፣ በሱሪያቸው ወርዶ፣ ጫማቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። "ስንት ቀን ነው የያዘችው?"

በዚህ መሀል ቄሱ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱና የእጅ መስቀላቸውን አወጡ። "እስቲ ግንባሯን ግለጡልኝና ልባርካት" አሉ።

አባቴን የማውቀው እኔ ነኝ። ለሰው መዋሸት አንድ ነገር ነው፤ በመስቀል ጎመን ሲባረክ ቆሞ የሚያይ ሰው ግን አይደለም። ከተተከለበት ዘሎ "አባ፣ አይሆንም! እሷን አይባርኳት!" ብሎ ጋቢውን ከነነጠላው ያዘ። ባለ ከዘራው ደግሞ ሰውዬው ያበደ መሰላቸውና ሕፃኗን አልለቅም አሉ። ወዲህ ሳቡ፣ ወዲያ ሳበ። ከዚያ "ቷ" የሚል ድምፅ ተሰማና ጭንቅላቷ ወለቀ።

ኮፍያዋን እንደለበሰች ወለሉ ላይ ወደቀች። ተንከባለለች። በሐጂው እግሮች መሀል አለፈች፣ የማሽኔን እግር መታች፣ ዞር ብላ ቆመች። ቄሱ "በስመ አብ!" ብለው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። ሐጂው "ያ ረቢ!" ብለው ዓይናቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ባለ ከዘራው ጭንቅላት የሌለው ጋቢ ታቅፈው በቁማቸው ደረቁ። የሁሉንም ድምፅ ውጦ ቤቱን የሞላው ግን የልጅቷ ነው።

"አባባ! አንገቷ ይያዝ አልተባለም?"

ከሁሉ በፊት ዓይናቸውን የገለጡት ሐጂው ናቸው። ጎንበስ አሉ፣ በአንድ ጣት ነካ አደረጉ፣ ከዚያ አነሥተው ኮፍያውን አወለቁላት። አገላብጠው አዩዋት። "ጥቅል ጎመን ናት" አሉ። ነጋዴ ናቸውና ቀጠሉ፦ "ደኅና ጎመን ናት። ከየት ነው የገዛችኋት?"

ባለ ከዘራው ውሃ የሚያንጠባጥበውን ጀሪካን ሶፋው ላይ በዝግታ አስተኙት። ፊታቸው ጠቁሯል።

"ሦስት ጊዜ መጣን" አሉ። አሁን ሹክሹክታ የለም። "እምቢ ካሉ እምቢ ማለት ወግ ነው፤ አንቀየምም። በጎመን ግን ተመልሰን አናውቅም። እንሂድ።" ከዘራቸውን አንሥተው ወደ በሩ ዞሩ።

ሳቄ አፌ ውስጥ ደረቀ። ጨዋ ልጅ ከመጋረጃ ጀርባ አትወጣም ይባላል፤ እኔ ግን ፎጣዬን በእጄ እንደያዝኩ ወጣሁ። የምናገረው ነገር አዘጋጅቼ አልነበረም። "አባዬ" ብቻ አልኩ። እጅግ ተናድጄበት ነበር፤ እርጥብ ነጠላ ይዞ መሀል ቤት ቆሞ ሳየው ግን አንጀቴን በላኝ።

እሱም አየኝ። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ ዞረ።

"ቆዩ" አለ። "ምክንያት አልቆብኝ ነው።"

"ልጃችን ምን አጠፋ?" አሉ ቄሱ።

"ምንም። ጥሩ ልጅ ነው፤ የከፋውም ይኼው ነው። ሰካራም ቢሆን፣ ባለጌ ቢሆን፣ በአንድ ቃል እምቢ ብዬ እገላገል ነበር። ደግ ሆነብኝ።" ነጠላውን አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው። "ይቺ ከሄደች በዚህ ቤት ሁሉም እቃ ቦታው ላይ ሊገኝ ነው። ጠዋት ተነሥቼ ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ሆኖ ላየው ነው። እሱን ፈራሁ።"

ባለ ከዘራው ከበሩ ተመለሱ። ሲራመዱ ጫማቸው ውስጥ ያለው ውሃ "ቿ፣ ቿ" ይል ነበር፤ በዚያ ቁም ነገር መሀል ማንም ላለመሳቅ ከንፈሩን ነከሰ። በስተመጨረሻ "ታዲያ እንቀመጥ ወይስ እንሂድ?" አሉ።

አባቴ ነጠላውን አጥፎ ማሽኔ ላይ አስቀመጠው።

"ተቀመጡ" አለ።

እኔ እንደ ሠርግ ቤት እልል የምል መስሎኝ ነበር፤ ግን ፎጣው ውስጥ ተነፋርቄ አለቀስኩ። ሐጂው "አልሐምዱሊላህ" ብለው ጎመኗን እንደታቀፉ ቁጭ አሉ። ባለ ከዘራውም ሊቀመጡ ሲሉ ልጅቷ ከፊታቸው ተደቀነች። "እርስዎ ሶፋው ላይ አይቀመጡ፤ ሱሪዎ እርጥብ ነው" አለቻቸው። የአባቴን ሱሪ አወጣሁላቸው፤ ቁርጭምጭሚታቸው ጋ ሳይደርስ አለቀ። የሠርጌ ቀን የተቆረጠው በዚያ ሱሪ ነው። ቄሱ አልጫውን ሲቀምሱ "እጅሽ ይባረክ፤ ጎመን ጣል ቢደረግበት ደግሞ" ብለው ሳይጨርሱ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ አባቴም ሳቀ፣ እስኪያስለው ድረስ።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ግቢ ውስጥ ሳህን አጥብ ነበር። ልጅቷ ሳሎን ውስጥ ጭንቅላት እየገጠመች ነው። አባቴ ወጥቶ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

"ማክሰኞ ዕለት ሄጄ ነበር" አለኝ።

"የት?"

"ሽሮ ሜዳ። በእግሬ።"

ሳህኑን አስቀመጥኩ። ሽሮ ሜዳ እኮ ሌላ አገር አይደለም፤ በታክሲ ከተሳፈሩ ወሬ ሳያልቅ የሚደረስ ነው። "ምን ልታደርግ?"

"ታክሲ በማይገኝ ቀን ልመጣልሽ እችል እንደሆነ ብዬ ነዋ። መሄዱስ ቀላል ነው፤ ቁልቁለት ነው።" ጉልበቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። "ስመለስ ነው ሦስት ቦታ ያረፍኩት።"

"ስትመለስ እኔ እሸኝሃለሁ" አልኩት። "እዚህ በሩ ድረስ።"

"ከዚያስ? አንቺን ማን ይሸኝሻል?"

"አንተ ነሃ።"

አሰበበት። መንገዱን በሐሳቡ ቁልቁል ሄዶ፣ ሽቅብ ተመልሶ፣ እንደገና ቁልቁል ሄደ መሰለኝ።

"እንዲያ ከሆነ ይሁን" አለ።